በወገብ መርፌዬ ላይ የተጨመረው

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው፤ ንዴቴም አብሮኝ መጥቷል፣ ቻሉኝ።

ከአንጋጫ አግብቼ ሆሳዕና ከተማ ስመጣ ጌታን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕሬሽን ወለድኩ። ወገቤ ላይ የተወጋሁት ማደንዘዣ ሲለቀኝ የቁስሉ ሕመም መጣ፣ ጮህኩ! አማቴ «ቻይው እንጂ፣ የወለድሽው አንቺ ብቻ ነሽ?» አሉኝ። ነርሷም «ኦፕሬሽን ያማል፣ ምን ጠብቀሽ ነበር?» አለች። ልጄን ማቀፍ አቃተኝ፤ ጡት ሳትይዝ በጡጦ አደገች። እስካሁን ያንገበግበኛል!

ሁለተኛውን ሳረግዝ ሐኪሙ «ይሄም በኦፕሬሽን ነው» ሲለኝ፣ «ቤቴ እሞታለሁ እንጂ አልገባም» አልኩ። ምጡ ሲመጣ ባሌ አቅፎ ባጃጅ ላይ ጫነኝ። እዚያ ውስጥ የጸለይኩት ጸሎት አይባልም፣ ጭቅጭቅ ነው። «አንተ ካለህ፣ አንድ የሚሰማኝ ሰው ስጠኝ!»

ሆስፒታል ስገባ የማደንዘዣ ባለሙያው ገና መርፌውን ሳያነሳ «ያለፈው ጊዜ እንዴት ነበር?» አለኝ። ሃሌሉያ! ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እያለቀስኩ ነገርኩት።

«እንግዲያው ከማደንዘዣው ጋር ትንሽ የሕመም ማስታገሻ እጨምርልሻለሁ። ማደንዘዣው እግርሽን ከለቀቀም በኋላ እስከ ነገ ድረስ ሕመሙን ይይዝልሻል። ሊያሳክክሽ ይችላል፣ አትደንግጪ፤ አተነፋፈስሽንም እየመጣን እናያለን» አለኝ።

ክብር ለስሙ ይሁን፣ እንዳለውም ሆነ! ኦፕሬሽኑ እንዳለቀ ወንዱ ልጄ ጡቴን ይዞ፣ እኔ ባንድ እጄ አቅፌው፣ በሌላው አፍንጫዬን አካለሁ። ይሄኔ ባሌ የጠራው የጸሎት ቡድን ገባ። አዎ፣ እናንተው ናችሁ፣ አታቀርቅሩ! ሳክክ አይታችሁ «መንፈስ ነው፣ ውጣ!» አላችሁ። «ኧረ የመድኃኒቱ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! አንዷ እህት «በእምነት ተነሺ!» ብላ እጄን ጎተተችው። እግሬ ገና ደንዝዟል እኮ! ሕፃኑ ጡቱን ለቆ ጮኸ። ባለሙያው ደርሶ ባያስወጣችሁ ከአልጋው ታወርዱኝ ነበር።

ስትወጡ ልጄ ጡቱን መልሶ ያዘ። ማደንዘዣው እግሬን ሲለቅም ያ የመጀመሪያው ሕመም አልመጣም። ያኔ ነው «ሰምተኸኛል፣ ከእንግዲህ ያንተ ነኝ» ያልኩት።

ሕመሜን የያዘልኝ መድኃኒቱ ነው፤ ያን ሰው እንዲጠይቀኝ ያደረገው ግን ጌታ ነው። ገና ያላመናችሁ፣ ጸሎት ባታውቁ እንኳ እንደኔ ተጨቃጨቁት፤ ይሰማችኋል፣ ተደገፉት። እናንተ ቅዱሳን ደግሞ የታመመ ለመጠየቅ ስትሄዱ፣ እጃችሁን ከመጫናችሁ በፊት «እንዴት ነሽ?» በሉ፤ መልሱንም ስሙ። አሜን በሉ እንጂ!