መውረጃው የጠፋ ዜማ

ቴፑ፦ በአንድ ሆቴል መግቢያ አዳራሽ፣ በአሳንሰሩና በፕላስቲኩ ዛፍ መካከል ተቀምጦ ኦርጋን የሚጫወት ጎልማሳ፤ እንዲሰማ እንጂ እንዲደመጥ ያልተቀጠረ፤ አንድ ጊዜ ጆሮው የገባ ዜማ እስከ ዕለተ ሞቱ የማይወጣለት።

ፍቺውንም ቅጽል ስሙንም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እሱም አልተቃወመም፤ እንዲያውም ከእንግዳ ሲተዋወቅ እጁን ዘርግቶ «ቴፑ እባላለሁ» ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ስሙ አይበዛበትም። አንድ ነጋዴ አሳንሰር ሲጠብቅ ያፏጨውን ዜማ ሰምቶ፣ ሰውየው ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመለስ በዚያው ዜማ ተቀብሎታል። ነጋዴው ዜማውን ረስቶት ስለነበር ምንም አላደነቀም።

አንድ ሰኞ በስልኩ ከማያውቃት ሴት መልእክት ደረሰው። አባቷ ከደቡብ ህንድ መጥተው በዚህ ከተማ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ ሲሞቱ እሷ እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። «አባቴ ማለዳ ማለዳ ያዜም እንደነበር እናቴ ከማረፏ በፊት ነግራኛለች። ድምፁን የቀዳ ሰው ግን የለም። በአንድ ግድግዳ ተለያይታችሁ ትኖሩ እንደነበር ሰማሁ። እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ ያስበዋል። አንድ ደቂቃ ብትሆን እንኳ ከዜማው ብትልክልኝ?»

ቴፑ ዐይኑን ሳያሽ መለሰላት፦ «በደስታ፤ እስከ ቅዳሜ።»

መልእክቱ ከሄደ በኋላ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። በሕይወቱ አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ዜማዎች ሁሉ ግማሹን ብቻ የሚያውቀው ይህንን ነበርና። ይህንንም ለማንም፣ ለሚስቱ እንኳ ተንፍሶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉራቸው የሸበተው መምህር ከእነቴፑ ቤት በሳንቃ ግድግዳ ብቻ በምትለይ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ሐሙስ ያኔ ልጅ የነበረውን ቴፑን አስቀምጠው፣ ካርናቲክ በሚባለው የአገራቸው ስልት የሚወዱትን ዜማ መውጫ አስጠኑት። «መውረጃውስ?» አላቸው። «መውረጃው በሌላ መንገድ ነው። በወጣበት የሚወርድ መሰላል እንጂ ዜማ አይደለም። ነገ አሳይሃለሁ።»

ዓርብ ጠዋት በራቸው አልተከፈተም።

ከዚያ ወዲህ ዜማው በቴፑ ራስ ውስጥ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከላይ ሲደርስ ይቆማል። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ቆሞ መሰላል እየጠበቀ ያለ ይመስለዋል። ሆቴሉ ጭር ሲል አንዳንዴ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። አስተናጋጆቹ ውሃ የሚያፈስ መስሏቸው ቧንቧ ሠራተኛ አስጠርተው ያውቃሉ።

ማክሰኞ ኦርጋኑን ቤት አመጣ። የከበሮውን ድምፅ አጠፋ። ከዜማው ሥር ሳይቋረጥ የሚያጉረመርም አንድ ወፍራም ድምፅ ስለሚያስፈልገው፣ የልብስ ሰፊ ሚስቱን ትልቅ መቀስ አንሥቶ እጀታውን የመጨረሻው የግራ ቁልፍ ላይ አስተኛው። የመምህሩ ድምፆች ደግሞ ቁልፍ ላይ ተተክለው አይቆሙም፤ ነፋስ እንደነካው ነበልባል ይወዛወዛሉ። ስለዚህ በቀኝ እጁ ቁልፉን እየነካ፣ በግራው ድምፅ የምታጎብጠውን ትንሽ መንኰራኵር ያወዛውዝ ጀመር። መውጫው መጣ። 

መውረጃውን ግን ከራሱ መፍጠር ነበረበት። የመጀመሪያው ሙከራ አሳንሰር አሳንሰር አለ። ሁለተኛው ሙሽራ የሚያስገባ ሆነ። ሦስተኛው ግን አማረ፤ ያስፈራውም ማማሩ ነው። ቢልከው ማን ያውቅበታል? በዓለም ላይ «ይህ የአባትሽ አይደለም» ሊላት የሚችል አንድም ሰው የለም። ከዚያች ሐሳብ በኋላ እንቅልፍ የሚባል በዐይኑ አልዞረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«መቀሴስ?»

«እየዘመረ ነው።»

«ጎሽ። የሰው ቀሚስ ለነገ ይፈለጋል፤ መቀሱ ዘምሮ ሲጨርስ ይደርሳል ልበላቸው?» ተነሥታ መቀሱን አነሣችው። የሚያጉረመርመው ድምፅ ሲቋረጥ ቤቱ ጭው አለ። ቴፑ ለመቶኛ ጊዜ መውጫውን ተጫወተና እንደ ልማዱ ከላይ ቆመ።

ሚስቱ ክር በጥርሷ እንደያዘች፣ ጨርቁ ላይ አቀርቅራ፣ የቀረውን አንጎራጎረችው።

ዜማው ወረደ። ዕቃ እንደረሳ ሰው ከመሐል አንዴ ወደ ላይ ተመለሰ፣ ጥቂት ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በማያውቁት በር ገብቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ምኑን?»

«አሁን ያልሽውን!»

«ካንተ ነዋ! ከየት ላመጣው ኖሯል? ሊነጋጋ ሲል ትለው የለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«እኔ?»

«ተኝተህ ነዋ። ድምፅህ ራሱ ያንተ አይደለም፤ የሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ፈርቼ እናቴ ቤት ልገባ ምንም አልቀረኝ። ኋላ ለመድኩት። ሲጀምርህ ተነሥቼ ሥራዬን እይዛለሁ። ይኸው አራት ቀን ዝም ብትል እኔም አረፈድኩ፣ የሰው ቀሚስም አደረ።»

ቴፑ ወደ ግድግዳው ዞሮ አየ። መምህሩ የሚያዜሙት ሊነጋ ሲል ነበር፤ ያኔ እሱ ከሳንቃው ወዲህ ተኝቷል። መውረጃውን በየቀኑ ሰምቶታል። ነቅቶ ግን አንድም ቀን አልሰማውም።

«ድገሚልኝ» አላት።

«እያየኸኝ? ሞቼ ነው! ዙርልኝ።»

ወንበሩን አዞረና ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እሷም ጀመረች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ «እዚህ ጋ እንኳ አንተ ታሳምረዋለህ» አለች፣ እንደገና ጀምራ ጨረሰች።

«ልክ ነው እንዴ? … አንተ ሰውዬ!»

 አንድ ጊዜ ሰምቶ የማይረሳው ሰው፣ አርባ ዓመት የጠበቀው ዜማ ከጀርባው ሲዜም፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያ የሽማግሌ ድምፅ ከግድግዳው ሥር መውጣት ጀመረ።

ሚስቱ የዘረጋችውን እጅ መለሰች። መቀሷን አንሥታ፣ እንዳያንኳኳ ተጠንቅቃ፣ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ ላይ አስተኛችው። ከዚያም የባሏን ስልክ ወደ አፉ አስጠግታ የመቅጃውን ቀይ ነጥብ ተጫነች።