ወተት የመሰለው ደም

በጃንሆይ ዘመን፣ ዳንግላ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የደም ምርመራ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ብሩ መጀመሪያ ያደረጉት ሃያ የመስታወት ቱቦ ማሳጠብ ነበር።

"ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ውሃ የጭድ መልክ ይኑረው። ከደፈረሰ ቱቦውን አላጠብከውም ማለት ነው" አሉኝ።

ከእኔ በፊት የነበረውን ሠራተኛ ያባረሩት በቆሻሻ ቱቦ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቱቦ ደጋግሜ አጥብ ነበር።

በዓመቱ ደሳለኝ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ጨርቅ ነጋዴ ሆዱን ይዞ መጣ። እጅግ ወፍራም ነው፤ ገበያው "የደላው" ይለዋል። እናቱ ከእሱ ጋር በአውንጊ እየተነጋገሩ፣ ለእኔ በአማርኛ "የሰው ዓይን ነው ያገኘው፣ ልጄ" አሉኝ።

ሐኪሙ ባዘዙት መሠረት ደም ቀዳሁ። ሲረጋ ላዩ ወተት መሰለ። ደንግጬ አቶ ብሩ ሳያዩኝ ደፋሁት። ደግሜ ቀዳሁ፤ ያም ወተት ሆነ። እሱንም ደፍቼ ለሐኪሙ "ደሙ ተበላሽቶብኛል፣ ነገ ይምጣ" አልኩ። እናቱ ሲጠይቁኝ "ለጊዜው ምንም የለበትም" ብዬ ዋሸሁ።

በማግስቱ ደሳለኝን እያስመለሰው በቃሬዛ አመጡት።

"ምን በላ?" አልኳቸው እናቱን።

"ምንም የለበትም ስላልኸኝ፣ ሆዱን ያለሰልስለት ብዬ የቀለጠ ቅቤ አጠጣሁት" አሉ።

ሁለት ቱቦ አብሬ ቀቀልኩ። በአንዱ የእሱን፣ በሌላው የራሴን ደም ቀዳሁ። የእኔ የጭድ መልክ ያዘ፤ የእሱ ወተት ሆነ። ሁለቱንም ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁና የትናንቱን ተናዘዝኩ።

ሐኪሙ ወተት የመሰለውን ቱቦ ወደ መስኮቱ አንስተው "ይህ ስብ ነው" አሉ።

"በዚህ ዕድሜ?"

"ውፍረት ዕድሜ አይጠብቅም። ሰውነቱ የማይችለው ስብ ደሙ ውስጥ ቀርቷል፤ ሆዱንም ያሳመመው እሱ ነው። ሽንቱንም እይልኝ።"

ሽንቱን ስኳር ከሚለየው ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ሳፈላው እንደ ጡብ ቀላ። ስኳርም ነበረበት።

እናቱ "ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ?" ሲሉ ሐኪሙ "ከቅቤውም በፊት ደሙ እንዲህ ነበር" አሏቸው። ለእኔ ግን ቅቤው እንዳባባሰበት አልደበቁኝም።

አምስት ቀን ምግብ ተከልክሎ በመርፌ ውሃ ብቻ ተሰጠው። በየጠዋቱ አልጋው ባዶ ይሆናል ብዬ እየፈራሁ እገባ ነበር። በስድስተኛው ቀን "ራበኝ" አለ። እናቱ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

አቶ ብሩ አላባረሩኝም። "ቱቦውስ ንጹሕ ነበር" ብቻ አሉ።

ያላመንከውን ደም አትድፋ። የራስህን ቀድተህ ከጎኑ አቁመውና ሁለቱንም ለሐኪሙ አሳይ።