ልጄን ነርስ ያልኩበት ዓመት

ኮሮና የካዚኖና የሆቴሎቹን ጎዳና፣ ስትሪፑን፣ ያዘጋ ሰሞን ልጄ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች ቤት ገባች። እኔ ክፍል የማጸዳበት ሆቴል ዘግቶ ሌይኦፍ ተደርጌያለሁ፤ እሷ ሌላ ስቴት የምትማርበት ሴሚናሪም ግቢውን ዘግቶ ተማሪውን ወደየቤቱ በትኗል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብዬ አቅፌ ሳምኳት። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ አሁን ሰው ያያታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴሚናሪው የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ዘንድ ሴትም ቄስ ትሆናለች። ልጄ የምትማረው ለቅስና ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ሴት ወደ መቅደሱ መጋረጃ በማትጠጋበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አሁንም በየእሑዱ በሴቶች በኩል ነጠላዬን አጣፍቼ የምቆም ሰው ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ሰዎች «ልጅሽ ምን እየተማረች ነው?» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው «ነርሲንግ» ነው። ነርስ ሲባል አበሻ «እሰይ!» ይላል፤ ተከታይ ጥያቄ የለም። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

ሴሚናሪ ሲባል ጥቁር የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው የሚመላለሱበት ግቢ ይመስለኝ ነበር። ስፕሪንግ ቫሊ ካለችው አፓርታማዬ ሳሎን ውስጥ በላፕቶፕ ሲከፈት ግን ገበያ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በጋራ ይጸልያሉ፤ አንዱ ከነፒጃማው፣ አንዷ ድመቷን ታቅፋ። የሚደግሙት እኔ የማውቀውን ዳዊት ነው። ከዚያ ክላስ ይገባሉ፤ ልጄ የግሪክ ፊደል እያነበነበች ዕቃ ታጥባለች። ግቢ እያሉ ሐሙስ ሐሙስ ተራ ገብተው አብረው ያበስሉ ነበርና እሱንም አልተዉትም። ሁሉም በየኩሽናው አንድ ዓይነት ምግብ ይሠራና በስክሪን እየተያዩ ይበላሉ። የልጄ ተራ ሲደርስ ምስር ወጥ አስተማረቻቸው። ከኋላዋ ሆኜ «ሽንኩርቱን አሳረራችሁት እኮ!» ብዬ ብጮህ ተሳሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም «ማሚ» ይሉኛል። ከመምህራኑ አንዷ፣ ፀጉራቸው ሙሉ ነጭ የሆነ ሴት ቄስ፣ ባዩኝ ቁጥር ሥራ ተመልሼ እንደሆን ይጠይቁኛል። ወደድኳቸው። የቤቴ በር ተዘግቶ እስካለ ድረስ ወደድኳቸው።

አንድ ቀን ከግሮሰሪ ስመለስ ልጄ የልብስ መተኮሻዬን ጠረጴዛ በነጭ አንሶላ ሸፍና፣ ጁስና ብስኩት ደርድራ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። የቅዳሴ ልምምድ ነው፤ ጓደኞቿ በስክሪን እጇን ያርሟታል። እኔ ከነፌስታሌ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አማተብኩ። ስወጣ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ፤ እሷም ገብቷት አንሶላውን አጠፈችው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ማሚ፣ ሆምወርክ አለኝ። አንቺ ሰው የሞተባት ሁኚ፣ እኔ ሊስን አደርጋለሁ» አለችኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። አድቫይስ መስጠት አይፈቀድም። ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ።»

«ለዝምታ ነው ትምህርት ቤት የምትገቡት? የእኛን ሰው ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማን አስተማረው?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ግን ያልኩትን ሄዳ ክላስ ውስጥ ተናገረችው፤ ስለ ለቅሶ እንድታስረዳቸው አድርገው ብዙ ጠየቋት አሉ።

ክረምቱ ሲገባ ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ሞተች። እንደ እናት ያሳደገችኝ እሷ ናት። መርዶውን በማለዳ ያረዱኝ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደጃፍ ላይ ማስካቸውን እንዳደረጉ ነግረውኝ፣ ሳያቅፉኝ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሄዱ። ዕድሩ በበሽታው ምክንያት መሰብሰብ ይቅር ብሎ ነበር። ሰው ይደውላል፣ አብሮኝ ያለቅሳል፣ ይዘጋል። ለቅሶ ቤቴ ባዶ ወንበር ብቻ ሆነ።

ልጄ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ «ማሚ፣ ክላሴ መጥተው መቀመጥ ይፈልጋሉ» አለችኝ። መጡም። ተራ ገብተው፣ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ ካሜራቸውን ከፍተው ዝም ብለው ተቀመጡ። በአማርኛ እህቴን እየጠራሁ አለቀስኩ፤ አንድ ቃል ሳይገባቸው አብረውኝ ዋሉ። በማግስቱም መጡ። ስቄበት የነበረው ሆምወርክ ቤቴን የለቅሶ ቤት አደረገልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ብቻቸውን ሊያጽናኑኝ መጡ። መስኮቱን ከፍተን በሩ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ትንሽ እንደቆዩ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! «ነርሶች ናቸው።»

«ያችኛዋ አንገቷ ላይ ያደረገችው ነጭ ኮሌታ የፈረንጅ ቄስ አይደለም እንዴ?»

ባለነጭ ፀጉሯ መምህር ነበሩ። «የሆስፒታል ሰዎች እንደዚያ ያደርጋሉ» አልኩ። ልጄ አማርኛ መናገር ቢያስቸግራት መስማት አያስቸግራትም። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ምንጣፉን አየሁ።

«ጎሽ! በይ እስቲ ልጄ፣ ግፊቴን ለኪልኝ» አሉና ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ራሴን ያዞረኛል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄ ተነሥታ የእኔን መለኪያ ከመሳቢያ አወጣች። የእኔን ስትለካ ስለኖረች አልተቸገረችም፤ ክንዳቸው ላይ ጠመጠመችው፣ ቁጥሩን ጠበቀች። «ትንሽ ሃይ ነው ጋሼ። ዶክተር ጋ ይደውሉ፣ ፕሊስ» አለች። ውሸቴን በገዛ እጇ ጨረሰችልኝ።

መለኪያውን ፈታ እጇን ግን ከክንዳቸው ላይ አላነሣችም። ጋሼ ስለ ወንድማቸው ማውራት ጀመሩ። ሆስፒታል ገብቶ ማንም ሳያየው እንደሞተ፣ ስንቱን የቀበረ ሰው እሱን ሲቀብሩ አራት ሰው ብቻ እንደቆመ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡለት እንደቀሩ። እኚያ ለሰው ሁሉ የሚያስተዛዝኑ ሽማግሌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ልጄ አንድም ምክር ሳትሰጥ ሰማቻቸው። ሲነሡ መርቀዋት ሄዱ፤ እኔንም «የታደልሽ ነሽ» አሉኝ። ምርቃቱ ለእሷ ይገባል፤ ለእኔ የተባለው ግን እንደ ስድብ ነው የተሰማኝ።

በሩ ሲዘጋ ባለነጭ ፀጉሯ ከስክሪኑ ውስጥ «ምን ሆኑ? አሟቸው ነው?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ልጄም በእንግሊዝኛ «አይ፣ እናቴ ለእንግዳው እያስተዋወቀችኝ ነበር» አለቻቸው።

ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ቡና አፈላሁላት። የምትመረቅ ቀን ለጋሼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ቀኑ በፈረንጆቹ 2021 ጸደይ መጣ። ምረቃው አሁንም በስክሪን ነው። ልጄ በፖስታ የመጣላትን ጋውን ለብሳ ላፕቶፑ ፊት ወንበር ደረደረች፤ አንድ ለራሷ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ደግሞ ጨመረች።

«ይሄ የማነው?»

«የጋሼ። አሁን ቫክሲን ወስዷል። ጥሪው፣ ማሚ» አለችኝ። ወንበሩን እያስተካከለች «ግን እውነቱን ንገሪው» አለች።

ደወልኩ። «ጋሼ፣ ልጄ ዛሬ ትመረቃለች።»

«እሰይ! ነርሳችን!» አሉ፤ ወዲያው ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ሰማሽ? ነርሳችን ተመረቀች!» ሲሉ እልልታው ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። «መጣሁ፣ ቤትሽ ነው አይደል?»

ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማለች። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ያ የፓርኪንጉ ሰው ሁሉ፣ ነጠላው ሁሉ፣ ሹክሹክታው ሁሉ ሐሳቤ ውስጥ ተሰለፈ።

«አይምጡ ጋሼ» አልኩ፤ «በኮምፒውተር ስለሆነ ሰው አይፈቅዱም። አዎ፣ ነርሳችን። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ስልኩን ስዘጋ ልጄ ጋውኗን በአንድ እጇ ሰብስባ ሦስተኛውን ወንበር አነሣችና ወደ ኩሽና መለሰችው።