መጣ! ሄደ! ቆይ!

አቃቂ በሰቃ ያደገ ሰው «መጣ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ «ማን መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። «ምን መጣ?» ነው የሚለው። መብራት ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ኔትወርክም ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት ግን «መጣ» ማለት ከሁሉ በፊት የቴሌቪዥኑ ምስል መጣ ማለት ነው። ይህችን ቃል ስጮህ ያለፉብኝ እሁዶች ቢጠራቀሙ አንድ ደህና ሙያ እማርባቸው ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ የብረት ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቆርጥ፣ ሲበሳና ሲሞርድ ኖሮ፣ ቤት ሲውል እጁ ሥራ መፍታት አቃተው። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፣ ዕድር ይመራል። የእኔ አባት ዕቃ ይፈታል። የተበላሸውን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ደህናውንም «እስኪ ውስጡን ልየው» ብሎ ይፈታዋል። መልሶ ሲገጥመው ደግሞ ሁልጊዜ ብሎን ይተርፈዋል፤ የተረፈውን ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ያጠራቅማል።

«አባዬ፣ ይሄ የምን ብሎን ነው?» እለዋለሁ።

«የካውያው ነው። ፋብሪካው አብዝቶ አስገብቶት ነው እንጂ ያለሱም ይሠራል።»

ይሠራል፣ አልዋሸም። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለሚይዝ ሰው ካውያው እስከ ዛሬ ይሠራል። የግድግዳው ሰዓትም ይሠራል፣ ወደፊት መሄዱን ግን አልፎ አልፎ ይረሳዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ ቤት ተረት አይደለም፣ የዕለት ዜና ነው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ነን። እኔ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ፤ ጠዋት በሰርቪስ ሄጄ ማታ በሰርቪስ እመለሳለሁ። ከሳምንቱ የእኔ የምላት እሁድን ብቻ ነው። እሷንም ዲሹ ወሰደብኝ።

ዲሹ ያለው ጣራው ላይ ነው። ጣራው ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማሩ ላልቷል፣ አንዳንዱን ቦታ ዝገት በልቶታል። አባቴ ደግሞ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዝ ሽማግሌ ነው። እኔ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ከዚያ ጣራ ወርዶ ዳግመኛ እንዳይወጣብኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። አንድ ቀን «የዲሽ ሠራተኛ ልጥራልህ» ስለው ክፉኛ እንደተሰደበ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ?»

በሕይወት እንዲኖርልኝ ነበር እኮ የምጠራው።

ዲሹ ለምን እንደሚዛባ የራሱ ትንታኔ አለው። በደብረ ዘይት መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ይነቃነቃል፣ ዲሹም በፀጉር ያህል ይዞራል። ከባድ መኪና ደግሞ በዚያ መንገድ አልቆ አያውቅም። ስለዚህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጥና መሰላሉን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል። መፍቻውን ኪሱ ከትቶ፣ ፒንሳውን ቀበቶው ውስጥ ሰክቶ ይወጣል። እሱ ላይ ሆኖ ዲሹን በቀስታ ያዞራል፤ እኔ ታች ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ምስሉ ሲታይ «መጣ!»፣ ሲጠፋ «ሄደ!»፣ ትንሽ ሲቀረው «ቆይ!» እላለሁ። ዲሽ ያለው የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ጨዋታ ነው።

የእኛ ቤት ጨዋታ ግን ከአንድ ዓመት ወዲህ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለው።

«ከውስጥ ሆነሽ አትጩሂብኝ። ውጪና እያየሁሽ ንገሪኝ!»

አበስኩ ገበርኩ! ምስሉ ሲመጣ ከሳሎን እወጣለሁ፣ በረንዳውን አልፋለሁ፣ ግቢው መሀል ቆሜ ፊቴን ወደ ጣራው አቅንቼ «መጣ!» እላለሁ። እኔ ግቢው እስክደርስ እሱ እጁ አያርፍምና የመጣው ሄዷል። እሱ ግን ደስ ብሎት ብሎኑን ያጠብቃል። ተመልሼ ስገባ ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንደገና እወጣለሁ፣ «ሄደ!» እላለሁ። ብሎኑን ያላላል። እንደዚህ ስንል ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች፣ የእኔም ጨጓራ ይላጣል።

ይህን ሁሉ በነፃ የሚያይ ተመልካች አለን። አጥር የምንጋራው ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ነው። ሱቁ በር ላይ በርጩማውን ያወጣና እጁን አጣምሮ እኛን ይከታተላል።

እሱ ዛሬም እያነሳ የሚስቅባት አንዲት እሁድ አለች፤ ጥቂት ዓመት ሆኗታል። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ቤቶች መብራት የሚያገኙት ከሌላ መስመር ስለሆነ፣ የእኛ እያለ የእነሱ ይጠፋል። ያን ቀን አባቴ ጣራ ላይ ሆኖ ዲሹን ሲያዞር የማዶው መብራት ድንገት ተለቀቀ። ሰፈሩ ልጅ አዋቂ ሳይል በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብሎ አስተጋባ። አባቴ ይህን ሰማ። ብሎኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘው፣ ወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ስክሪኑ ባዶ ነው።

«መጣ ብለሽ አልነበር?»

«እኔ አላልኩም። ሰፈሩ ነው ያለው!»

«ሰፈሩ በእኔ ዲሽ ምን አገባው?»

ባለሱቁ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ የመጣው የእኛ መብራት ነው። የእርስዎ ቻናል አይደለም!» አለው። ያን ቀን ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ዘንድሮ ግን ነገሩ የሚያስቅ መሆኑ ቀረ። አባቴ ካውያና ሰዓት መፍታቱን ትቶ ሌላ ጣጣ አመጣ። መጀመሪያ ሬዲዮኑን «ድምፁ ደከመ» ብሎ ፈታው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን በተራው ከነስፒከሩ ዘርግፎ ገጠመው፤ ሁለተኛው ጣሳ ያን ቀን ተጀመረ። ድምፁን ጥግ ድረስ ስለሚከፍተው ባለሱቁ «ጋሼ ዜናውን ለእኔም ስለሚያሰሙኝ ቴሌቪዥን መግዛት ቀረልኝ» ይለኛል። ከሁሉ የባሰው ግን የበሩ ደወል ነው። ደህና ደወል ነበረን፣ ቃጭሏ የምታምር። አባቴ እሷን ነቀለና፣ አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ክላክስ ገዝቶ፣ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። አሁን ሰው ደወሉን ሲጫን ከባድ መኪና ሳሎን የገባ ይመስላል። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ደንግጦ እስክሪብቶውን ጥሎ ወደ ኋላው ፈረጠጠ። ሰፈሩ ቤታችንን «መናኸሪያው» ብሎ ሰይሞታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አባቴ ይህን አያውቅም።

በዚህ ላይ የድሮ የፋብሪካ ልማዱ አገረሸበት። ማሽኑ ጆሮ በሚያደነቁርበት ቦታ ሠራተኛ የሚነጋገረው በእጅ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳውን ሳደርስለት በበሩ አሾልቄ አያቸው ነበር። መዳፍ ሲዘረጋ «ቆይ» ነው፣ ጣት ሲሽከረከር «አዙር» ነው፣ ጡጫ ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ «በቃ፣ እዚያው ላይ እሰረው» ነው። ቤት ሲመጣም ጨውን በጣቱ፣ ውሃን በመዳፉ ይጠይቅ ስለነበር እናቴ ትቆጣለች። «እዚህ ፋብሪካ አይደለም፣ አፍህን ተጠቀም» ትለው ነበር። በእሷ ተግሣጽ ተወው፤ ዘንድሮ ደግሞ ገበታ ላይ ጣቱን እያሽከረከረ ሚጥሚጣ ያዘኝ ጀመር። እኔም እንደ እናቴ ተቆጣሁ።

በመጨረሻ መሰላሉን ከቤት ለማስወጣት ወሰንኩ። ለአባቴ ሳልነግር ከባለሱቁ ጋር ተነጋገርኩ፤ እሱም ለመደርደሪያው ይፈልገው ስለነበር ሰኞ ማታ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን። የቀረችኝ አንዲት እሁድ ናት። ልቻላት አልኩ።

ያቺ እሁድ ነፋሻ ነበረች። አባቴ እንደ ልማዱ ወጣ። እኔ ግን ምድጃ ላይ ሽሮ ጥጄ ስለነበር ወጥቼ ግቢ መሀል መቆም አማረረኝ። በመስኮቱ በኩል «ሄደ!» አልኩ። «ቆይ!» አልኩ። ከዚያ ምስሉ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ወጣ።

«መጣ! አባዬ፣ መጣ!»

ዲሹ መዞሩን አላቆመም። ምስሉ ሄደ። «መጣ እኮ አልኩህ!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። እሱ ከላይ ቆርቆሮውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይሠራል። ይህን ስል መብራቱ ድርግም አለ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ምድጃውም ቀዘቀዘ። «መብራት ሄደ! በቃ ውረድ!» አልኩ። ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ።

ደሜ ፈላ። ጭልፋውን እንደያዝኩ ልጣላው ወጣሁ። ጀርባውን ሰጥቶኛል። በሌለ መብራት፣ በጠፋ ቴሌቪዥን፣ ዲሹን በጥንቃቄ ትንሽ ያዞርና ጆሮውን ሰጥቶ እንደሚጠብቅ ሰው ያቆማል። ደግሞ ትንሽ ያዞራል፣ ደግሞ ይጠብቃል።

«አባዬ! መብራት የለም እኮ!»

«ጋሼ! ጠፍቷል፣ ይውረዱ!» አለ ባለሱቁ በአጥሩ ላይ።

አባቴ ዲሹን ትንሽ አዞረ። ጠበቀ።

ወዲያው መብራቱ ተመለሰ። ያን ቀን የጠፋው የእኛም የማዶውም ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ወፍጮ ቤቱ ተነሳ፣ ውሾቹ ጮኹ። እንደዚያኛው ጊዜ ብሎኑን ያጠብቃል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን አንገቱን እንኳ አላዞረም።

ባለሱቁ ሊቀልድ ብሎ እየሳቀ በራችን ድረስ መጣና ደወሉን ተጫነው። ክላክሱ ቤቱን አናጋው። ይህን ጊዜ አባቴ ዘወር አለ፤ እኔን ከነጭልፋዬ ግቢው መሀል አየኝ።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ደወሉ ነው፣ ሰው መጣ፣ ክፈቺ እንጂ!»

በሩን ስከፍት የባለሱቁ ሳቅ አፉ ላይ ቀርቷል። እኔን አየኝ፣ አየሁት። የደከመው ሬዲዮኑ አልነበረም። ክላክሱም ለሰፈሩ አልነበረም የተሰቀለው። «ውጪና እያየሁሽ ንገሪኝ» ያለኝም አለቃ መሆን አምሮት አይደለም፤ አፌን ለማየት ነው። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ ስንት ዕቃ ፈትቶ ስንት ብሎን ከሚያተርፍ «ልጄ፣ አልሰማም» ቢለኝ ምን ነበረበት?

በጭልፋዬ ባለሱቁን ወደ ሳሎኑ ጠቆምኩት። ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። እኔ አባቴ በደንብ ሊያየኝ የሚችልበት ቦታ ቆምኩና ጣቴን አሽከረከርኩ።

አባቴ እጁ ዲሹ ላይ እንዳለ ቀረ። ጣቴን አየ። ቆይቶ ዲሹን ማዞር ጀመረ። ባለሱቁ ከውስጥ «ቆይ!» ሲል መዳፌን ዘረጋሁ። «መጣ!» ሲል ጡጫዬን አነሳሁ። አባቴ ብሎኑን አጠበቀ፣ ጠረገው፣ መፍቻውን ኪሱ ከትቶ መውረድ ጀመረ። እግሩ መሬት እስኪረግጥ መሰላሉን አቅፌ ያዝኩ።

ፊቴን ሳያየኝ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እናትሽ ብታይሽ ትቆጣሽ ነበር» አለ።

ከዚያ መፍቻውን ከኪሱ አወጣና እጄ ላይ አኖረው።

«ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ አንቺ ነሽ የምትወጪው። እኔ ታች ሆኜ በእጄ እነግርሻለሁ።»

ሰኞ ማታ ባለሱቁ አልመጣም። ማክሰኞ ዳቦ ልገዛ ስሄድ «መሰላሉ ያስፈልጋችኋል መሰለኝ» አለኝ።

አስፈለገን። እነሆ አሁን እሁድ እሁድ ጣራ ላይ የምገኘው እኔ ነኝ፤ ቀሚሴን በሱሪ ለውጬ፣ የላላውን ሚስማር በእግሬ እየፈለግኩ፣ ነፋሱ ሻሼን እየገፈፈኝ። ባለሱቁ በርጩማውን አውጥቷል። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ ጣቱን ያሽከረክራል። ወደ ግራ ይለኛል፣ ወደ ቀኝ ይለኛል፣ ደግሞ ወደ ግራ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ በጠየቅኩት ቁጥርም መዳፉን ይዘረጋል፤ ቆይ ማለቱ ነው። አልሰማም የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ ከአፉ አላወጣትም።

ባለፈው እሁድ ከላይ ሆኜ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ «መጣ ወይስ አልመጣም?» ብዬ በኃይል ጮህኩ።

አባቴ ጡጫውን ከፍ አድርጎ አነሳ። ከዚያም ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ጮኾ ተቆጣኝ።

«ምን ያስጮህሻል? እጄን እዪ!»