ባና የለበሰው ቁልቋል

የዋርሳዬ ሚስት ዛሬም በደጄ ስታልፍ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። ታዙር። አንገቱ የእሷ ነው፤ ቢደክምም የሚደክመው እሷን ነው። እኔ አጥሬ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከቁልቋሎቼ መካከል አረም እየነቀልኩ "እንዴት አደርሽ?" እላታለሁ። ሰላም ሳልላት ያሳለፍኳት ቀን የለም። መልስ ጠብቄ አይደለም። አለመሄዴን እንዳትረሳው ነው።

የዚህን ግቢ ነገር ሰው ሁሉ እንደመሰለው ሲያወራው ኖሯል። እብድ ናት ያለ አለ፤ መድኃኒት ትቀምማለች ያለ አለ፤ ከቆላ ይዛው የመጣችው ነገር አለ ብሎ በደጄ ሲያልፍ ያማተበም አለ። አሁን እኔ ልናገር። ስም አልጠራም። ራሳቸውን የሚያውቁ ያውቁታል።

የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው፤ ከዓለም ከተማ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ወንዙ መውረድ ከሚጀምርበት። በእኛ አገር ቁልቋል አጥር ነው። ማንም ቆሞ አያየውም። እኔም አላየሁትም ነበር። ያየሁት መንዝ ተድሬ ከመጣሁ በኋላ፣ ሲጠፋብኝ ነው። እዚህ ያለው ገብስ፣ በግ፣ ድንጋይና ነፋስ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ቀጥ ያለ አረንጓዴ ነገር የለም። አማቴ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ እኔ እየሰማሁ፣ ለጎረቤት "ይቺ ቆለኛ ብርዱን አትወጣውም" አሉ። ወጣሁት። ብርዱንም ወጣሁት፣ እሳቸውንም ወጣኋቸው።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መንገዱ ሲከፈት እናቴን ልጠይቅ ወርጄ ስመለስ፣ ከአጥራችን ላይ ክንድ የሚያህል ቁልቋል ቆርጬ በከረጢት ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ከረጢቱን ሲያነሳ ወጋው።

"እትዬ፣ እሾህ ተሸክሞ መንዝ መግባት ምን ይሉታል? መንዝ እሾህ አነሰው?"

"የመንዝ እሾህ አፍ ላይ ነው የሚበቅለው፤ ይሄ መሬት ላይ ይበቅላል" አልኩት። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ "እሾሄ" እያለ ሲጠራኝ መጣ።

እናቴ ስትሰጠኝ የነገረችኝ አንድ ነገር ነበር። ቁልቋል እንደ ጎመን አይደለም፤ እንደተቆረጠ ከተከልሽው ይበሰብሳል። ፀሐይ ላይ ይጣል። ወተቱ ይድረቅ፤ ቁስሉ ይሻር፤ ቅርፊት ያብጅ። ያን ጊዜ መሬት አስነኪው። እንዳለችኝ አደረግሁ። ከጓሮው የድንጋይ ካብ ሥር፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ከምትመታበት ቦታ ተከልኩት፤ ያዘም።

ከዚያ ኅዳር መጣ። የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ማዳበሪያ ከረጢት አለበስኩት። ባሌ በግ ነጋዴ ነበር፤ ብዙ የማይናገር ሰው። ከገበያ ገብቶ ከረጢቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከትከሻው ላይ ባናውን አውልቆ በከረጢቱ ላይ ደረበው። እናቱ ከጥቁር በግ ጠጉር ፈትለው ያሸመኑለት ባና ነው።

"ይሄኛው ቆለኛ ግን ጠዋት ባናዬን ይመልስልኛል" አለ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ውርጭ ሲጀምር ሳልጠይቀው ያለብሰው ነበር። ስለ ባሌ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የቀረው የእኔ ነው።

አንዱ ሲይዝ ሌላ አማረኝ። ከቆላ የተዛወረ አስተማሪ ኳስ የሚመስል ድቡልቡል ቁልቋል በወተት ጣሳ ሰጠኝ። ደብረ ብርሃን ከአንድ ሆቴል በር ላይ፣ ዘበኛው ወዲያ ሲል፣ ጣት የሚያህል ቁልቋል ሰበርኩ። ከታች ከቆላው ጨርቅና ጨው ይዘው የሚወጡ አንድ እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የበለስ ቅጠልና ሬት አመጡልኝ።

"እኛ ዘንድ ሬት የሚተከለው መቃብር ላይ ነው" አሉ ሬቱን ሲያወርዱ። "እርስዎ ግቢ ማን ሞቶ ነው?"

"እስካሁን ማንም። አንዳንዶቹን ግን እየጠበቅኩ ነው።"

"አላህ ይማርዎት!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። በዚህ ከተማ ስለ ተክሎቼ ሲስቁ ያላስከፉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በዘይት ቆርቆሮ፣ በተሰበረ እንስራ፣ በአሮጌ ጎማ ውስጥ እየተከልኩ ጓሮው ሞላ። በለሱ ብርዱ አልስማማው ብሎ አንድ ቀን እንኳ አላፈራም። ይኑር፤ እኔ ፍሬ አልጠየቅሁትም።

ባሌ ሞተ። በአገራችን የሙት ልብስ ለነፍሱ ይሰጣል፤ ለንስሐ አባቱና ለድሃ። ሁሉንም ሰጠሁ፤ ካፖርቱን፣ ጋቢውን፣ ጫማውን ሳይቀር። ባናውን አልሰጠሁም። ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ኅዳር ሲገባ አውጥቼ ቁልቋሉን አለበስኩት። የዋርሳዬ ሚስት በካቡ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታይ አየኋት። እስኪመሽ ድረስ ያልሰማ ቤት አልነበረም። "የሙት ልብስ እሾህ አለበሰች፤ የባሏን ነፍስ በብርድ ጣለች" ተባለ።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቤቱ ከካቡ ወዲያ ነው። ወንድሙ በሕይወት ሳለ "እቴ" ይለኝ ነበር። ከተዝካሩ በኋላ "ቆለኛዋ" ሆንኩ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤት በየጊዜው የሚከፈትበት፣ ሠራተኛ የሚከራየው ቤት የሚያጣበት፣ ልማት የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይወርድበት ጊዜ ነበር። እሱም ጓሮዬ ላይ ቤት ሠርቶ ማከራየት አማረው። ግቢውን ለእኔና ለባሌ የሰጡን የባሌ አባት ናቸው፤ ስንጋባ፣ በሰው ፊት። እሱ ግን "የአባቴ መሬት ነው፤ ያልለማ ቦታ ነው" ብሎ ቀበሌ ሄደ። ቀበሌም በሽማግሌ ጨርሱ አላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ከፊት የባሌ የንስሐ አባት መምሬ ናቸው። የባሌን ካፖርት ለብሰው ነበር። ጓሮ ውስጥ አግዳሚ አወጣሁላቸው። ዋርሳዬ ቆሞ ጀመረ።

"አባቶቼ፣ እኔ ቤቷን አልነካሁ። ከኋላ ያለውን ነው። ገብስ አይዘራበት፣ ጎመን አይተከልበት። እሾህ ብቻ! ሰው ቢወድቅበትስ?"

"ማን ግባና ውደቅ አለህ?" አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ደግሞ የወንድሜን ባና! እናቴ በጣቷ የፈተለችውን!"

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው ልጄ?"

"እውነት ነው አባቴ።"

"ለምን እንዲህ አደረግሽ?"

ባሌ ራሱ ያለብሰው እንደነበር መናገር እችል ነበር። ያን ብናገር ግማሾቹ ያዝኑልኝ ነበር። በዋርሳዬ ፊት፣ ለእሱ ጆሮ፣ ያን ላወጣው አልፈለግሁም።

"ስለበረደ" አልኩ።

"ይሁን። ምን ይጠቅማል ይሄ ተክል? መድኃኒት ነው?"

"ለመድኃኒት አልተከልኩትም። በለሱ እንኳ እዚህ አያፈራም። የማይጠቅም ሁሉ ይነቀል ካላችሁ ግን፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ከዋርሳዬ ጀምሩ።"

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ተነጋግረው ፈረዱ። ጓሮው እኩል ይከፈል፤ ተክሉ ይነሣ፤ እሱ በግ አርዶ ይታረቀኝ፤ ባናውም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ። ጉልበታቸውን ስሜ "አይሆንም" አልኩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ገብቶ አይሆንም የሚል ሰው አይወደድም፤ ሴት ስትሆን ደግሞ አይጣል ነው። መምሬ ሲወጡ "ግትርነት ለነፍስ አይበጅም ልጄ። ባናውን እንኳ ስጪ" አሉኝ።

"ሲያረጅ እሰጥዎታለሁ አባቴ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማኅበር የሚጠራኝ ቀረ። ይቅር። ጠላውም ቀጭን ነበር።

በግንቦት የእናቴ ሙት ዓመት ነበርና ወደ መርሐቤቴ ወረድኩ። ተመልሼ ስገባ የጓሮው ካብ በአንድ በኩል ተንዷል። ቁልቋሎቼ ክንድ በክንድ ተከትፈው ከጓሮው ግርጌ ካለው ፈፋ አፍ ላይ ተከምረዋል። ቆርቆሮዎቹ ተደፍተዋል። ተክሎቹ በነበሩበት ረጅም የመሠረት ቦይ ተቆፍሯል፤ አጠገቡም ድንጋይ ተቆልሏል። ዋርሳዬ በቦዩ ማዶ ቆሞ ነበር።

"እንኳን በደህና ገባሽ፣ እቴ። ግቢሽን አጸዳንልሽ።"

እቴ አለኝ፤ በዚያ ቀን። ገብቼ ሣጥኔን ከፈትኩ። ባናው አለ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ አለቀሰች ያሉም ዋሽተዋል።

የሆነውን በማግስቱ የነገረችኝ ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ናት። ቀን ሠራተኞቹ የቁልቋልን ጠባይ የማያውቁ ደገኞች ናቸውና ነቅለውት ቦዩንም ከቆፈሩ በኋላ እንደ ባሕር ዛፍ በመጥረቢያ ሲከትፉት፣ ወተቱ ፈንጥቆ አንዱን ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሰውየው ጮኸ፤ ዓይኑ አብጦ ተዘጋ፤ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሌሎቹም መሣሪያቸውን ይዘው ሄዱ። "ዕውር ሆነ እያሉ ነው" አለችኝ። "የቆለኛዋ ተክል እርግማን አለበት እያሉ ነው።"

ሰውየውን ሄጄ ጠየቅኩት። እሱ ለቀን እንጀራው ነው የቆረጠው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ዓይኑ ቆይቶ ድኗል። ስለ እርግማኑ ግን አዎም አይደለምም አላልኩ። ዓመታት ሙሉ ያለ ስሜ ስም ሲያወጡልኝ ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሚጠቅመኝ ስም ቢያወጡልኝ ለምን እክዳለሁ?

ዋርሳዬ ክምሩ ሲደርቅ ሊያቃጥለው ነበር ሐሳቡ። ገብስ የሚዘራ ሰው ነው፤ ተነቅሎ ፀሐይ ላይ የዋለ ነገር ሁሉ የሚሞት ይመስለዋል። በየጠዋቱ እየመጣ በእግሩ ይገፋዋል። እሳት ቢለኩስበት ጢሱ ሠፈሩን አስለቀሰ እንጂ አልነደደም፤ ሆዱ ውኃ ነው። "ግድ የለም፣ ፀሐዩ ይጨርሰዋል" ሲል በካቡ ቀዳዳ እሰማዋለሁ። ክምሩ አጠገብ ሄጄ አንዱን ቁራጭ ገልብጬ አየሁት። ቁስሉ ሽሯል፤ ወተቱ ደርቆ ቅርፊት አበጅቷል። እኔ ብሆን ከዚያ የበለጠ አላደርግለትም ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን አይተው "ተሸነፈች" አሉ።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ እጄን በከረጢት ጠቅልዬ ወጣሁ። ቁራጮቹን ከፈፋው አፍ አንድ በአንድ እየተሸከምኩ እሱ ባስቆፈረው ቦይ ውስጥ ደረደርኳቸው። አፈሩን መለስኩ። ለመሠረት ያስቆለለውን ድንጋይ ከጀርባቸው ካብኩት፤ ድንጋይ የቀን ፀሐይ ይዞ ያድራል። ከመጀመሪያው ቁልቋል የተረፈውን ግንድ መሀል ላይ አቆምኩት። ቀናት ፈጀብኝ። ሚስቱ በካቡ ላይ ብቅ አለች።

"ኧረ ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?"

"የቆፈራችሁልኝን እየሞላሁ ነው። ባልሽን አመስግኚልኝ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሁሉ አልቆፍረውም ነበር።"

እሱ ወዲያው ሠራተኛ ፍለጋ ወጣ። ገበያ ሄደ፣ ዘመሮ ከተማ ድረስም ላከ። የዓይኑን ነገር ያልሰማ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌዎቹን ዳግም ቢጠራ መምሬ "ለእሾህ አንድ ጊዜ ሸምግያለሁ፤ ይበቃኛል" አሉ። በመጨረሻ ራሱ መጣ። ዝናቡ ዘንቦ ስለነበር አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ አዲስ አረንጓዴ አውጥተው ነበር። ሰዎችም መንገድ ላይ ቆመው ያያሉ።

"ዛሬ ትነቅይዋለሽ!"

ዶማዬን ከግድግዳው አንሥቼ፣ እጀታውን ወደ እሱ አድርጌ አቀበልኩት።

"የአባትህ መሬት ነው አይደል? ንቀለው።"

ዶማውን ተቀበለ። ቁልቋሉን አየው። ቁልቋሉ ላይ፣ አፈር ስመልስ የተጫረው ቦታ ላይ፣ ወተቱ ነጭ ሆኖ ወርዷል። ነጠላውን ወደ ዓይኑ ከፍ አደረገ፤ መልሶ አወረደው። ቆመ። ከመንገድ አንዱ "አይዞህ ጋሼ፣ ጨፍነህ ቁረጠው!" ሲል ሁሉም ሳቀ። ዶማውን ካቡ ላይ አስደግፎ ሄደ። መወርወር እንኳ ይችል ነበር፤ ወተቱ ሊፈነጥቅ ይችላል ብሎ ሳይፈራ አልቀረም።

ቤቶቹን ቆይቶ በራሱ ግቢ ሠራቸው። መስኮቶቻቸው ወደ እኔ ጓሮ ነው የሚከፈቱት።

በዚያ ኅዳር ውርጩ ብዙዎቹን ጨረሰብኝ፤ አልዋሽም። የቻልኩትን በከረጢት ሸፈንኩ፤ ባናውን መሀል ላይ ላለው አሮጌ ግንድ ሰጠሁት። የተረፉት ዛሬ ከካቡ በላይ ወጥተዋል። በካቡ ላይ አንገት ማስገግ ለሚወድ ሰው ነገሩ ትንሽ አስቸጋሪ ሆኗል።

መምሬ አርጅተዋል። በደጄ ሲያልፉ በትራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። መስቀላቸውን እሳለማለሁ። የባሌ ካፖርት ክርኑ ላይ ተበልቷል።

"ያ ባና አላረጀም ልጄ?"

ቀዳዳው በዝቷል። በየዓመቱ ከውርጭ በፊት በጥቁር በግ ጠጉር እጥፈዋለሁ።

"አላረጀም፣ አባቴ" እላቸዋለሁ።