የሚወድቅ ሰው ይፈለጋል

ኡስታዝ ኢክሪማ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ይህ ምስጋና አይደለም፤ እንደ ሕመም ይቆጠር። ጂዳ ጃሚዓ ሰፈር ያለው ፀጉር አስተካካይ ጆሯቸውን ሸርፎ በደም የለወሳቸው ጊዜ እንኳ «ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው፣ ጆሯቸውን በሶፍት ይዘው ነው የወጡት። ሚስታቸው ራሕመት ወጡ ላይ ጨው ስትደፋበት «የዛሬውስ ልዩ ነው» ይላሉ። እሷም ምላሳቸውን ማመን ከተወች ቆየች። የወጡን ጨው የምታውቀው ባሏ በላዩ ላይ በሚጠጡት ውሃ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው የት ቢያስቀምጡት ይሻላል? ሽምግልና ቢሉ ያምርባቸዋል። ሰርግ ላይ እንግዳ መቀበል ቢሉ ማን ይስተካከላቸዋል። ግን ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና ፈታኝ አደረጓቸው።

የሚፈትኑበት ፕሮግራም ስሙ ረጅም ነው፤ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ትምህርት ፕሮግራም፣ የጂዳና የመካ ማዕከል ይባላል። አገር ቤት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ይሰጠዋል። ዲግሪ ይዘው መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችና መኪና የሚነዱ ወንዶች ገብተው ይማራሉ። ዲፕሎማውን ያገኘ ሰው የኢትዮጵያውያኑ ትምህርት ቤት ከፊል፣ ማለትም ዋስ ይሆነዋል፤ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ በስሙ ያዛውርለታል። በአጭሩ፣ ከማዳም ኩሽና ወጥቶ ጠመኔ ይይዛል። እንዲያ ነው የታሰበው።

«የሙያ ዝግጅት» የሚባል ኮርስም አለ። እጩዎቹ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ እንዴት እንደሚቀመጡ ይማሩበታል። ትምህርት ቤቱ ሁሉንም መቅጠር ስለማይችል ከምሩቃኑ የሚበዙት ሐጅ ሲደርስ መካ ዓዚዚያ እየወረዱ በሐጃጆች ማረፊያ አንሶላ ይቀይራሉ። አቀማመጣቸው ግን እስከ ዛሬ ያማረ ነው።

የዚህ ሁሉ ኃላፊ አቶ ሀሩን ናቸው። አቶ ሀሩን ዕድሳት ይወዳሉ። ባለፈው ፕሮግራሙ ሲታደስ የቢሮው መጋረጃ ተቀየረ፣ አዲስ አርማ ተሠራ፣ ተማሪ «እጩ መምህር» ተባለ፣ ፈተና «ምዘና» ተባለ፣ የሻይ ዕረፍቱም «የልምድ ልውውጥ» ሆነ። ሻዩ ግን ያው ሻይ ነው።

የኡስታዝ ኢክሪማ ድርሻ እጩዎቹ ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ አይቶ ነጥብ መስጠት ነው። የተግባር ልምምዱ በአብዛኛው የሚካሄደው መካ ዑተይቢያ ውስጥ፣ አንድ አፓርታማ ተከራይተው ቅዳሜና አርብ ልጆች በሚያስተምሩበት ቦታ ነው። ኡስታዝ ከጂዳ ታክሲ ተጋርተው ይሄዳሉ። ሲደርሱ የእጩው ዘመዶች በር ላይ ይቀበሏቸዋል። ትኩስ ተሚስ ዳቦ፣ ፉል በዘይቱ፣ ናዕናዕ ያለው ሻይ ይቀርባል። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ እሳቸው ግን ፊቱንም ፍትፍቱንም ያገኛሉ። ትምህርቱ ከግድግዳው ወዲያ ነው። የልጆች ድምፅ ይሰማል፣ የመምህሯ ድምፅ ይሰማል፣ ምን ይፈለጋል? ሻዩ ሳይበርድ መቶ ይጻፋል። አንዷ ሙሽራ ናት፣ እንዴት ያሳዝኗታል። አንዱ አባቱ የሞተበት ነው። አንዷ ማዳሟን ለምና ነው የመጣችው። መቶ፣ መቶ፣ አሁንም መቶ።

ዘንድሮ የዕድሳቱ ጊዜ ሲደርስ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣ። አቶ ሀሩን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። «ፕሮግራማችሁ ከተጀመረ ወዲህ በልምምድ የወደቀ አንድም ሰው የለም። ሁሉም መቶ አምጥቷል። እኛ የምናስተምራችሁ ሰዎች መቶ አምጥተን አናውቅም። ደካማ እጩ እንዴት እንደምትለዩና እንዴት እንደምትደግፉ በተግባር ካላሳያችሁ ፕሮግራሙ አይታደስም።»



«የሚወድቅ ሰው ከየት ይመጣል?» አሉ አንዱ አባል።

«ሪያድ አይጠፋም፤ ከዚያ እናስመጣ» አለ ሌላው።

«የወደቀ ሰው ከውጭ ማስገባት የራሳችንን አቅም መናቅ ነው!» ብለው አቶ ሀሩን ጠረጴዛ መቱ። ከዚያ ወደ ኡስታዝ ዞሩ። «ኡስታዝ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ አንድ ሰው ይጣሉልን። አንድ ብቻ። ካልሆነ ፕሮግራሙም ኸላስ፣ በፕሮግራሙ ስም የወጣው የእርስዎ ኢቃማም ኸላስ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ኡስታዝ።

ኢንሻአላህ እሺም ይሆናል፣ እምቢም ይሆናል። እሳቸው የትኛውን እንዳሉ ራሳቸውም አላወቁም።

ለመጣል ወጡ። መጀመሪያ የደረሳቸው የሂክማ ተራ ነበር። ሂክማ ጂዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ መሐል መሐሉ ዐረብኛ ነው። ለዚያ ቀን አዲስ ዓባያ ለብሳ «ተፈደል ኡስታዝ፣ ክፍሉ በዚህ ነው» አለቻቸው። አባቷ ግን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ምግቡ ወሰዷቸው። ኡስታዝ «ይቺን እጥላለሁ» እያሉ በሉ፣ «ይቺን እጥላለሁ» እያሉ ጠጡ። ከግድግዳው ወዲያ ጫጫታ ሰምተው «ማሻአላህ፣ ሞቅ ያለ ትምህርት ነው» አሉና መቶ ጻፉ። ቀጥሎ የነበረው እጩ ሚስቱ በዚያው ሳምንት ወልዳለች። የወለደች ሴት ባል ይጣላል እንዴ? መቶ።

ቤት ሲገቡ ራሕመት ጠበቀቻቸው። «የኢማን አባት፣ ስንት ሰው ጣሉ?»

«ሁለት ሰው አሳለፍኩ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«አብሽር፣ አገር ቤት ስንገባ ፍየል ያረባሉ» አለች። እሳቸው ግን እንዲህ ስትላቸው እንኳ የሚቆጡ ሰው አይደሉም።

የቀረችው ኢልሃም ብቻ ነበረች። ኢልሃም የደሴ ልጅ ናት፣ በባዮሎጂ ተመርቃለች፣ መካ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ አርብና ቅዳሜ ትለቃታለች፣ ያን ጊዜ ዑተይቢያ ሄዳ ታስተምራለች። ኡስታዝ ሲደርሱ በር ላይ የተቀበላቸው ዘመድ የለም። ሻይም ፉልም የለም። እሷ ራሷ ቆማ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ዛሬ ግብዣ የለም፤ አውፍ ይበሉኝ።»

«ምን ችግር አለው ልጄ፣ ማሻአላህ…»

«ደካማ ሰው እየፈለጋችሁ ነው አሉ። እኔን ይጣሉኝ።»

ኡስታዝ ደነገጡ። «አስተግፊሩላህ! እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ። ብትወድቂ እኮ እስክትደግሚ ድረስ ማዳም ኩሽና መቅረትሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ልጆቹ እየተማሩልኝ አይደለም። ገባችሁ ስላቸው አዎ ይሉኛል፣ በሳምንቱ ስመለስ ምንም የለም። ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። እርስዎ መቶ ሰጥተውኝ ከሄዱ ማን ሊነግረኝ ነው?» አለችና ክንዳቸውን ሳትይዝ፣ ወንበር ተሸክማ ከፊታቸው ሄደች። ወንበሩን ክፍሉ ውስጥ ከልጆቹ ኋላ አኖረችው። ኡስታዝ ኢክሪማ ፈታኝ ከሆኑ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ገብተው ተቀመጡ።

ትምህርቱ ስለ ተክል ነበር። «ተክል ምን ምን ክፍል አለው?» አለች ኢልሃም። ማንም አፉን ሳይከፍት «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል! ገባችሁ?»

«አዎዎዎ!» አሉ ልጆቹ ግድግዳው እስኪነቃነቅ።

«ሥር ሥራው ምንድን ነው? ውሃ መሳብ! ገባችሁ?»

«አዎዎዎ!»

ኡስታዝ ልባቸው ሞላ። እንዲህ የሚመልስ ክፍል ይዛ ምን ሆንኩ ትላለች? እጃቸው በልማዱ ወደ ብዕሩ ሄደ። ከመጻፋቸው በፊት ግን አጠገባቸው ላጲስ የምታኝክ ትንሽ ልጅ ነበረችና፣ ለወሬ ያህል ጎንበስ ብለው «ሥር ምንድን ነው የኔ እመቤት?» አሏት።

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ማ አድሪ» አለች በዐረብኛ። አላውቅም ማለቷ ነው።

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽ?»

ልጅቷ ወደ ኢልሃም አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንዳይከፋት ነዋ።»

ኡስታዝ ኢክሪማ ብዕሩን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ የተባለውን አዎ ሁሉ ሲሰሙ ሰውነታቸው ይሸማቀቅ ነበር። ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት ኖረዋል።

ትምህርቱ አለቀ፣ ልጆቹ ወጡ። ኢልሃም እጇን አጣጥፋ ፊታቸው ቆመች። ኡስታዝ አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንዴ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ጥያቄውን አንቺው ትጠይቂያለሽ፣ አንቺው ትመልሻለሽ። ልጆቹ ዝም ብለው ለማሰብ ፋታ አላገኙም። ግማሾቹ ሥር የሚለውን ቃል ራሱን አያውቁትም፤ በሚያውቁት ቋንቋ አልጠየቅሻቸውም። ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው የለም።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ኢልሃም ይጣሉኝ ያለችው እንዲህ እንደሚያም ሳታውቅ ነበር። ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ «ይቀጥሉ» አለቻቸው። እሳቸውም ቀጠሉ። ከዚያ የመውደቂያ ነጥብ ጻፉ። ወደ ጂዳ በሚመለሰው ታክሲ ውስጥ ሰው የገደሉ መስሏቸው ነበር።

ጂዳ ቢሮ ግን ደስታ ሆነ። አቶ ሀሩን «ወደቀች! አልሃምዱሊላህ፣ ወደቀች!» እያሉ ቴምር አከፋፈሉ። የወደቀ እጩ ፎቶ ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይውጣ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ኡስታዝን ግን ያመሰገናቸው የለም። «የሰው ቤት የምትለፋ ምስኪን ልጅ ጣለ» የሚል ወሬ ከጃሚዓ እስከ ዑተይቢያ ናኘ። በዚያ ወር የልጅ ስም ማውጫ ድግስ ሲደገስ ሳይጠሩ የቀሩበት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

አቶ ሀሩን ሌላም ነገር ፈለጉ። «አሁን ደግሞ ተደግፋ አለፈች እንድንል መቶ ይጻፉላት፣ ያላ!» አሏቸው።

«ሳላይ?»

«ሲያዩ ምን እንደሚመጣ አየን እኮ!»

ኡስታዝ ሳያዩ አልጻፉም። ለአቶ ሀሩን እምቢ አላሉም፣ እምቢ ማለት ገና አልለመዱም፤ ዝም ብለው ታክሲ ተሳፍረው መካ ሄዱ። ክፍል ገብተው ተቀመጡ፣ ሌላ ጊዜ ተመልሰው ሄዱና ደግሞ ተቀመጡ። ኢልሃም አሁን ጠይቃ ዝም ትላለች። ዝምታው ያስጨንቃታል፣ ጠመኔውን በጣቷ ትፈትለዋለች፣ ግን ዝም ትላለች። ልጆቹም ግማሽ ዐረብኛ ግማሽ አማርኛ እየቀላቀሉ፣ እየተሳሳቱም ቢሆን፣ መናገር ጀመሩ። ኡስታዝ ሰባ ሰጧት። ሰባ ያልፋል።

የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚዎች ሁለት ሆነው መጡ። የገምጋሚዎቹ ኃላፊ ክርስቲያን ስለሆነ መካ መግባት አልተፈቀደለትም፤ ጂዳ ተቀምጦ መጋረጃውን ገመገመ። ሁለተኛው ኢሕራም ለብሶ መካ ገባና ዑምራውን አድርጎ፣ ዑተይቢያን በታክሲ መስኮት አይቶ፣ «የመስክ ምልከታው እጅግ ልብ የሚነካ ነበር» ብሎ ጻፈ። ሥራ የተሠራው ኢልሃም ጂዳ ወርዳ በቀረበችበት ጊዜ ነው። ኃላፊው «የእውነት ነው የወደቅሽው፣ ወይስ ለምነውሽ?» አላት። እሷም ኡስታዝ የነገሯትን አንድ በአንድ ነገረችው፣ ስትነግረው እንደገና አለቀሰች። ሰውየው አመናት። ፕሮግራሙ ታደሰ፣ የኢልሃምም ኢቃማ ወደ ትምህርት ቤቱ ተዛወረ።

አቶ ሀሩን የዕድሳቱን ድግስ ጃሚዓ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ደገሱ። ምሩቃኑም ቤተሰቦቻቸውም መጡ። ኡስታዝ ኢክሪማ ጥግ ይዘው፣ ማንም ሳያዋራቸው ሩዛቸውን እየበሉ ሳለ ሂክማ መጥታ ፊታቸው ቆመች። እሷም ትምህርት ቤት ተቀጥራለች፤ ባለ መቶዋ መምህርት ናት።

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ፣ ማሻአላህ።»

«ኢልሃም የነገሯትን ሁሉ ነገረችኝ። ሰባዋን ለሰው ሁሉ ታሳያለች፣ ወላሂ ትኮራበታለች። የኔ መቶ… የእውነት ነበር?»

አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች መብላት አቆሙ። አባቷ ቀና አሉ። አቶ ሀሩን ከወዲያ ማዶ እጃቸውን እያወዛወዙ ምልክት ሰጡ። አሁን እኮ የሚያስፈራ ደብዳቤ የለም፣ የሚጠፋ ኢቃማ የለም፤ አንዲት ማሻአላህ ብቻ ትበቃ ነበር። ምላሳቸው ላይ ደርሳ ነበር።

«ክፍልሽ አልገባሁም ልጄ» አሉ ኡስታዝ ኢክሪማ። «ምግብ ላይ ነበርኩ። ስታስተምሪ አላየሁሽም።»

ትጮህብኛለች ብለው ጠበቁ። ሂክማ ግን አልጮኸችም፤ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ልጆቹ አይሰሙኝም ኡስታዝ» አለች ቀስ ብላ። «በየቀኑ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። መቶ ስላለኝ ለማንም መናገር አልቻልኩም።»