የሰኪና የጨረቃ ትምህርት

ሰኪና አንዋር መስጊድ ሰፈር ባለ አንድ መድረሳ የሳይንስ መምህርት ነበረች። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ነው። መድረሳው ከቁርኣን ሌላ መደበኛውን የመንግሥት ትምህርት መስጠት ከጀመረ ገና ዓመቱ ነበር። ጠዋት ቁርኣን፣ ከሰዓት ሳይንስ። ልጆቹ ግን ሁለቱን የሁለት አገር ወሬ አድርገው ያዙት።

ነገሩ ሰኪናን ከነከናት። ዓይነ ስውሩን የቁርኣን አስተማሪ፣ ኡስታዝ ጠይብን፣ «አንድ ላይ ብናስተምርስ?» አለቻቸው። ደስ አላቸው። እሳቸው ስለ ጨረቃ መታየት የሚናገረውን የቁርኣን አንቀጽ በቃላቸው አሰምተው ሲተረጉሙ፣ እሷ መስኮቱን ጋርዳ፣ አምፖል ፊት ኳስ እያዞረች ጨረቃ እንዴት እንደምትሞላና እንደምትጎድል አሳየች።

«እኔስ?» አሉ ኡስታዝ።

እጃቸውን ይዛ ኳሱ ላይ አደረገችው። «የሞቀው ጎን የበራው ነው። የቀዘቀዘው የጨለመው።»

ደጋግመው ዳሰሱት። «ዕድሜ ልኬን ታየች ሲሉኝ አምኜ ጾምኩ» አሉ። «ዛሬ ገባኝ።»

ወሬው የመድረሳው ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሽኩር፣ የሰኪናን ቦታ ለእህታቸው ልጅ ይፈልጉት ነበር። ወላጆችንና ኡስታዝ ጠይብን ሰብስበው እሷን መሀል አቆሟት። ስለ ጨረቃ ግን አንድም ነገር አልጠየቁም።

«ኡስታዝ፣ እጅዎን ይዛለች?»

«ይዛለች።»

«ፈቅደው ነው?»

ኡስታዝ የሚያድሩት መድረሳው ግቢ ነው፤ ሌላ መጠጊያ የላቸውም። «እኔ ዕውር ነኝ» አሉ። «የሚይዘኝን በምን አውቃለሁ?»

ከኋላ አንዲት እናት ሳቀች። ሰኪና ያኔውኑ ተባረረች። ያጫትም ሰው ሽማግሌ ልኮ ነገሩን አፈረሰ። ሌላ ትምህርት ቤት የሚቀጥራት ስታጣ፣ ከእናቷ ጋር መስጊዱ ማዶ በርበሬና እርድ መሸጥ ጀመረች።

አንድ ጁምዓ ኡስታዝ ጠይብ ብቻቸውን በዚያ መጡ። ከሰኪና መደብ ፊት ያለው የቱቦ ክዳን ለጥገና ተነስቶ ጉድጓዱ ክፍት ነበር። መንገዱ ሲያጠራጥራቸው ቆሙ።

«ሰው አለ? በዚህ ማለፍ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ይለፉ» አለች ሰኪና፣ ከእናቷ ጎን እንደተቀመጠች።

ድምፅዋን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ሰኪና ነሽ?» አሉና ተራመዱ።

ጉድጓዱ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ተሸካሚዎች ጎትተው ሲያወጧቸው፣ ይለፉ ያላቸው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። «አላወቅሁትም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻሉም። መድረሳው ክፍላቸውን ለሌላ ሰጥቶ፣ በአይሱዙ ጭኖ ወደ ስልጤ ዘመዶቻቸው ሰደዳቸው። ሰኪናን የጠየቃት የለም። እናቷ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ አልጠራቻትም።